ድሬዳዋ ከሐረር ከፍ የምትልበት ሰዓት

ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ለመሄድ የተነሣ መንገደኛ አስቀድሞ ቁልቁል መውረድ ግዴታው ነው። ከሸዋ በር ወጥቶ፣ የአወዳይን የጫት ገበያ ግርግር ሰንጥቆ፣ የሐሮማያን ሜዳ ተሻግሮ ከደንገጎ አፋፍ ላይ ሲደርስ ደጋው ያልቅና ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ከዚያም በየመታጠፊያው ፍሬን እየተያዘ፣ የከባድ መኪናው ወረፋ እየተጠበቀ፣ በድምሩ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መንገድ ሲያልቅ፣ ጋቢ የሚወልቅበትና ሽርጥ የሚታጠቅበት የድሬዳዋ ሙቀት ይቀበለዋል። ወደ ሰማይ ለመውጣት ወደ ቆላ መውረድ ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ሰው በሐረር ብዙ ነው፤ አንዳንዱም ነገሩን ለመንግሥት ቸልታ፣ አንዳንዱም ለድሬዳዋ ዕድለኛነት ይሰጠዋል። እኔ ግን ፍርዱን የሰጡት ተራራው፣ ሙቀቱና አየሩ ናቸው ብዬ ስለማምን፣ የዚህን ፍርድ ምክንያት፣ ከእርሱም ጋር አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን በምን ሥርዓት ተነሥቶ በምን ሥርዓት እንደሚያርፍ ለአንባቢ ማብራራት ወደድሁ።

የድሬዳዋው አየር ማረፊያ «አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ» ተብሎ ይጠራል። ደጃዝማች ይልማ የልዑል ራስ መኰንን ልጅ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ወንድም ሲሆኑ፣ አባታቸው በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ባረፉ ጊዜ ሐረርን እንዲገዙ ተሹመው፣ ብዙም ሳይቆዩ በወጣትነታቸው ያለፉ መኰንን ናቸው። እንግዲህ የሐረር ገዥ ስም ከሐረር ውጭ ባለ ሜዳ ላይ ተተክሎ ይኖራል ማለት ነው። ሐረር ሜዳ የሚባለውም የአየር ኃይል ሠፈር የሚገኘው በቢሾፍቱ ነውና፣ በአገራችን የአቪዬሽን ታሪክ ውስጥ የሐረር ስሟ እንጂ ሜዳዋ የለም።

ይህ ዕጣ ደግሞ በአውሮፕላን ዘመን የመጣ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዛዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ በሰጡ ጊዜ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን መሐንዲሶቹ ከቆላው ተነሥተው የሐረርጌን ተራራ አንጋጠው ባዩትና ወጪውን ባሰሉት ጊዜ፣ ባቡሩ ዳገቱን ትቶ በግርጌው እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ሥር ሲደርስም በዚያ የተቆረቆረችው ከተማ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ድሬዳዋ የሚለው ስም አይሎ ያንን እስኪያስረሳ ድረስ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አንዲት ከተማ፣ ያውም የዘይላና የበርበራ ነጋዴ ሁሉ መዳረሻ የነበረች፣ ተራራ ላይ በመቀመጧ ባቡር ያለፋትን ያህል፣ ከባቡሩ በኋላ የመጣው የአየር መንገድም በዚያው ምክንያት አለፋት።

አውሮፕላን ምንም እንኳ በአየር የሚሄድ ፍጡር ቢሆን፣ በምድር ላይ ሳለ ባሕርዩ ከባቡር እጅግ አይርቅም፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለና ደልዳላ መንገድ ይሻል። ይህን መንገድ መንደርደሪያ እንለዋለን። የድሬዳዋው መንደርደሪያ 2,700 ሜትር ያህል ሲረዝም፣ በአንደኛው ጫፉ ላይ 15፣ በሌላው ጫፉ ላይ 33 የሚል ቁጥር በነጭ ቀለም በትልቁ ተጽፎበታል። ቁጥሩ የአቅጣጫ ምልክት ነው፤ አብራሪው በ15 በኩል ሲነሣ የኮምፓሱ ቀስት 150 ዲግሪን፣ በ33 በኩል ሲነሣ 330 ዲግሪን ያመለክተዋል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚመረጥም አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ነፋሱ ነው፤ አውሮፕላን ሲነሣም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ነፋስ ማዞር ይወዳልና። ይህን ያህል ርዝመት ያለው፣ በሁለቱም ጫፉ ፊት ለፊት ተራራ የማይገጥመው ሜዳ በሐረር ዙሪያ መፈለግ፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ቀጥ ያለ ጎዳና የመፈለግን ያህል ያደክማል።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር እንግባ። አየር ክብደት ያለው ነገር ነው። በባሕር ጠረፍ የተቀመጠ ሰው በላዩ ያለውን የአየር ሁሉ ሸክም ተሸክሞ ስለሚኖር የሚተነፍሰው አየር የታመቀ ነው፤ ወደ ደጋ በወጣ ቁጥር ግን ከበላዩ የሚቀረው አየር እያነሰ ስለሚሄድ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። የአውሮፕላን ክንፍ የሚያነሣው ኃይል ደግሞ በላዩና በሥሩ ከሚያልፈው አየር የሚገኝ ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳ ጊዜ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነት መሄድ ይኖርበታል። ሞተሩም እንዲሁ ነው፤ ከነዳጁ ጋር የሚያነደው አየር በቀነሰበት መጠን፣ ውኃው በጎደለበት ወራት የውኃ ወፍጮ እንደሚሰንፍ ሁሉ፣ ጉልበቱ ይሰንፋል። በዚህ መንገድ ከፍታ አውሮፕላኑን ሁለት ጊዜ ይቀጣዋል፤ ከሚፈልገው ፍጥነት ላይ ይጨምርበታል፣ ፍጥነቱን ከሚሰጠው ጉልበት ላይ ይቀንስበታል።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፣ የድሬዳዋ አየር ማረፊያ ያለው በ1,167 ሜትር ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከሰባት መቶ ሜትር ይበልጣልና ድሬዳዋ ለአውሮፕላን የምትመች መሆኗ ግልጽ ይመስላል። ሆኖም አየርን የሚያሳሳው ከፍታ ብቻ አይደለም፤ ሙቀትም ያሳሳዋል። በበረራ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ስሌት አለ፤ በድሬዳዋ ከፍታ ላይ ሊኖር የሚገባው መደበኛ ሙቀት ሰባት ዲግሪ ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 36 ሜትር የሚሆን ከፍታ ይታከላል። እንግዲህ በበጋ ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በደረሰበት ሰዓት ስናሰላው፣ ለአውሮፕላኑ ክንፍና ለሞተሩ የድሬዳዋ ከፍታ 1,167 መሆኑ ቀርቶ 2,170 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ፣ ከነአሸዋዋ፣ ሐረር ከተቀመጠችበት ተራራ በላይ ወጥታለች። ሚዛኑ እንዳይዛባ ግን ሐረርም በሙቀቷ መጠን በዚያው ሥርዓት እንደምትነሣ መጨመር ይገባል፤ ቀኑ 25 ዲግሪ ቢሆንባት ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። በ2,330 ሜትር ላይ ያለው ቦሌ በዚሁ ሙቀት ከ3,200 ሜትር በላይ ይሆናል።

ይህ ቁጥር በተግባር ሲተረጐም እንዲህ ነው። በድሬዳዋ ቀትር አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው መደበኛ አየር ወደ አራት አምስተኛው ስለሚወርድ፣ አንድ አውሮፕላን በእኩል ክብደት ለመነሣት በምድር ላይ የሚያስፈልገው ፍጥነት ከመቶ አሥራ ሁለት ያህል ይጨምራል፤ አብራሪው ፊት ያለው የፍጥነት መለኪያ ግን ይህን አያሳየውም፤ መለኪያው የሚያነበው የአየሩን ግፊት እንጂ የመሬቱን ሩጫ አይደለምና በሁለቱም ቦታ ያንኑ ቁጥር ያሳያል። ልዩነቱን የሚያውቀው መንደርደሪያው ነው፤ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ብዙ ሜትር ይበላበታል። ስለዚህ ቀኑ በጋለበት ሰዓት መፍትሔው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሸክም መቀነስ። ማለዳ ከባድ ሆኖ መነሣት የሚችለው አውሮፕላን ቀትር ላይ ጥቂት ሻንጣ ወይም ጥቂት ጭነት ትቶ ሊሄድ ይችላል።

የዚህ ሕግ ትልቁ ምስክር ቦሌ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በሎሜ ወይም በሌላ ቦታ አርፎ ሲሄድ፣ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ በአንድ ጊዜ የሚመጣበት ምክንያት ከፊሉ ከምዕራብ የሚነፍሰው የከፍተኛው ሰማይ ነፋስ ሲሆን፣ ከፊሉ የቦሌ ከፍታ ነው፤ ያን ሁሉ ነዳጅና ያን ሁሉ ሰው ከሳሳ አየር ላይ በአንድ ጊዜ ማንሣት አይቻልምና። በግንቦት ወር 1976 ዓ.ም. አየር መንገዱ አዲሱን ቦይንግ 767 ሲያስመጣ አውሮፕላኑ ከዋሽንግተን ተነሥቶ 12,082 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ በረረና አዲስ አበባ ገባ፤ በጊዜው ለባለ ሁለት ሞተር ጄት ክብረ ወሰን ነበር፤ አቅጣጫው ግን ከታች ወደ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። በቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ እንዲሠራ የተወሰነው አዲሱ አየር ማረፊያ ከቦሌ በአራት መቶ ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ቦታ የተመረጠለት ያለ ነገር አይደለም። የሚገርመው ያ «ዝቅ ያለ» የተባለው ቦታ ከሐረር ከተማ ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ብቻ የሚቀረው መሆኑ ነው።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። በቦሌና በድሬዳዋ መካከል ያለው የአየር መንገድ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ከአዲስ አበባ ሐረር ለመድረስ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይኬዳል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ በብዛት የሚመላለሰው ዳሽ 8 ኪው 400 የሚባለው፣ በካናዳ የተሠራው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሲሆን፣ አየር መንገዱ የመጀመሪያውን የተረከበው በ2002 ዓ.ም. ነው። ክንፉ ከጀርባው በላይ የተቀመጠ፣ እግሮቹ ከየሞተሩ ሥር የሚዘረጉ፣ በእያንዳንዱ ሞተሩ ፊት ስድስት ምላስ ያለው፣ ከአራት ሜትር የሚሰፋ መዘውር የሚሽከረከርበት ነው። መዘውሩን አይቶ «አሮጌ አውሮፕላን» ብሎ የሚያማ ተሳፋሪ አጋጥሞኛል። ፍርዱ ትክክል አይደለም። በውስጡ ያለው ሞተር የጄት ዘመድ ነው፤ አየሩን ስቦ ያምቀዋል፣ ከነዳጅ ጋር ያነደዋል፣ በሚወጣው ትኩስ ጢስም ጎማ አልባ መንኮራኩር ያሽከረክራል፤ ነገር ግን ያን ጉልበት ወደ ኋላ በመትፋት ፈንታ በጥርስ አማካይነት ለመዘውሩ ይሰጠዋል። እያንዳንዱ ሞተር ከአምስት ሺህ የፈረስ ጉልበት በላይ ይሰጣል። ለአንድ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ፣ ወደ ላይኛው ሰማይ ሳይወጣ፣ ከሰባ በላይ መንገደኛ በጥቂት ነዳጅ ለማድረስ ከዚህ የሚሻል ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

ተሳፋሪው በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሰዓቱን ሲያይ፣ ውጭ በአስፋልቱ ላይ የሚሠራው ሥራ ከበረራው የሚበልጥ ነው ብል አላጋነንሁም። ከሁለቱ አብራሪዎች አንዱ የሚያብለጨልጭ ሰደርያ ለብሶ አውሮፕላኑን ይዞራል፤ ጎማውን ያያል፣ የመዘውሩን ምላሶች ጠርዝ አንድ በአንድ ይመረምራል፣ ከሞተሩ ሥር የወረደ ዘይት እንዳለ አጎንብሶ ይመለከታል። በአፍንጫው በኩል ጣት የሚያክል ቀጭን ቧንቧ ወጥቶ ይታያል፤ ፍጥነት የሚለካው በእርሱ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ሲያድር ተርብና አቧራ እንዳይገባበት ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ክዳን ይደረግለታል፤ ያ ቀይ ጨርቅ ሳይወልቅ መብረር ዐይን ታስሮ የመሄድ ያህል ነውና አብራሪው ይህን ሳያይ ደረጃውን አይወጣም። ነዳጁ ደግሞ ከሐረር ባለ ሱቅ ይሸጥ ከነበረው ላምባ ብዙ የማይለይ ኬሮሲን ነው። የሚቀዳውም ለመንገዱ የሚበቃው ብቻ አይደለም፤ ድሬዳዋ ላይ ማረፍ ባይቻል ወደ ሌላ ማረፊያ፣ ለምሳሌ ወደ ጅጅጋ ወይም ተመልሶ ወደ ቦሌ የሚያደርሰው፣ ከዚያም በላይ ለግማሽ ሰዓት በአየር ላይ የሚያቆየው መጠባበቂያ ሳይሞላ እንዳይነሣ ዓለም አቀፍ ደንብ ያስገድዳል።

ከዚህ ሌላ የሚዛን ጉዳይ አለ። አውሮፕላን ምን ያህል እንደከበደ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈም ካልታወቀ ለአብራሪው አይታዘዝም፤ ጭራው ቢከብድ አፍንጫው ያለ ልክ ይነሣል፣ አፍንጫው ቢከብድ ለመነሣት ይለግማል። ስለዚህ የሰውም የሻንጣም ክብደት በአንድ ወረቀት ላይ ተሰልቶ፣ አለቃው ፈርሞበት፣ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ለካፒቴኑ ይሰጠዋል። ወንበር ሁሉ ባልሞላበት ቀን የሚሰማው ክርክር ከዚህ የተነሣ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት የሐረር እናት ከፊት ባዶ ወንበር አይተው ተቀመጡ፤ አስተናጋጇም ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ እስኪነሣ ድረስ ወደ ኋላ ይቀመጡልኝ» አለቻቸው። «ልጄ፣ ወንበሩ ባዶ አይደለም እንዴ?» «ባዶ ነው እማማ፤ ሚዛኑ ግን በእርስዎ ወንበር ነው የተሠራው።» ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ መልሱ እንደ ቀልድ ቢመስልም ቃል በቃል እውነት ነበር።

በአየር ላይም መንገዱ በዘፈቀደ አይደለም። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ጎዶሎ በሆነ የከፍታ ቁጥር፣ ወደ ምዕራብ የሚመለሰው በሙሉ ቁጥር እንዲሄዱ ተደንግጓልና፣ ከቦሌ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደውና ከድሬዳዋ የሚመጣው በአንድ መሥመር ላይ ቢገናኙ እንኳ አንዱ ከሌላው በሦስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያልፋል። ይህን የሚጠብቁት በማማው ላይና በአዲስ አበባው የቁጥጥር ማዕከል የተቀመጡ ተቆጣጣሪዎች ናቸው።

አሁን ተሳፋሪው በገዛ ሰውነቱ የሚያውቀውን ነገር ላንሣ። በመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ታምቆ ስለሚጠበቅ፣ አውሮፕላኑ የቱንም ያህል ቢወጣ በውስጡ ያለው ግፊት ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ግፊት በታች እንዳይወርድ ይደረጋል። የጠረፍ ሰው ይህን ሲሰማ ይከብደዋል፤ ለአዲስ አበባ ሰው ግን ይህ የገዛ ሰፈሩ አየር ነው። ከዚህ የተነሣ ከቦሌ ሲነሣ ጆሮው ምንም አይሰማውም፤ ሥቃዩ የሚመጣው ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ነው፤ ግፊቱ ከመቶ ወደ አሥራ አምስት ያህል ይጨምራልና። ይህን ለማመን የሚፈልግ ሰው የጠጣበትን የውኃ ፕላስቲክ ቦሌ ላይ ጥብቅ አድርጎ ይክደነው፤ ድሬዳዋ ሲያርፍ ጎኑ ተጨምድዶ ያገኘዋል። ያንኑ ፕላስቲክ ድሬዳዋ ላይ ከፍቶ ዳግመኛ ቢከድነውና ሐረር ይዞት ቢወጣ፣ በደንገጎ ዳገት ላይ እየተነፋ ሆዱ ወጥሮ ይገባል። በአፉ የሚያላምጠው ነገር ያለው ሰው የጆሮው መዝጊያ ቶሎ ይከፈትለታል፤ የሐረርጌ ሰው ለዚህ ምክር ብዙ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ጫትን ካነሣን አይቀር፣ የድሬዳዋ የአየር መንገድ ታሪክ ያለ እርሱ አይጻፍም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲደብልዩኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የነበሩት አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉት ሲ 47፣ በሕዝቡ አንደበት ዳኮታ የሚባሉት ነበሩ። ዳኮታ አፍንጫው ተቀስሮ ጭራው መሬት ላይ የሚያርፍ ስለሆነ መንገደኛው በበሩ ከገባ በኋላ በውስጡ ዳገት ይወጣ ነበር፤ ወንበሩም በሁለቱ ግድግዳ ላይ የተዘረጋ አግዳሚ ሆኖ፣ በመካከሉ ጭነት ይከመርበት ነበር። እያንዳንዱ ሞተሩ 1,200 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ግፊት የሚጠብቅ መሣሪያም አልነበረውም። በ1940ዎቹ እነዚህ አውሮፕላኖች ከድሬዳዋ ወደ ዐደን ጫት ያመላልሱ ጀመር። ጫት በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉን ስለሚያጣ ገበሬው ከአወዳይ ዙሪያ ጎሕ ሲቀድ የቆረጠው በዚያው ቀን ባሕር ተሻግሮ መሸጥ ነበረበት፤ ከአውሮፕላን በቀር ይህን የሚችል ማጓጓዣ አልነበረም። የዐደን መንግሥት በ1949 ዓ.ም. ጫት እንዳይገባ ከልክሎ በዓመቱ መልሶ ፈቀደ። ስለ ጫት ያለኝ አስተያየት ሌላ ነው፤ ነገር ግን ለተሳፋሪው አውሮፕላን የመመላለሻ ወጪውን የሸፈነለት ብዙ ጊዜ ከኋላ የተጫነው ጭነት መሆኑን መካድ አይቻልም።

ከዚያ በፊት ሐረር ስለ አውሮፕላን የነበራት ትዝታ መራራ ነው። ክፍት ከተማ መሆኗ ታውጆ ሳለ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደብድበዋታል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ማይዬ የተባለው ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 የምትባለውን አውሮፕላን ይዞ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የተደረገው እልልታና ያ የሐረር ቀን ሰባት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ይራራቃሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ፣ በ1883 ዓ.ም.፣ ጉልበቱን ታሞ መራመድ የተሳነው ገጣሚው ራምቦ በገዛ ንድፉ ባሠራው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ አሥራ ስድስት ተሸካሚዎች እየተፈራረቁበት ከሐረር ወደ ዘይላ ወርዷል፤ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ለመጨረስ አሥራ ሁለት ቀን ገደማ ፈጀበት። ዛሬ ከድሬዳዋ ወደ ቦሌ ያለው የአየር መንገድ ከዚያ በጥቂቱ ይረዝማል።

ስለ አደጋ ሳይነሣ የሚቀር የአውሮፕላን ወግ የለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት ኃይሉን አጣና በሆዱ አረፈ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በሐረር የሥጋ ገበያ ጭልፊት ከሰው እጅ ሥጋ ሲነጥቅ ማየት ለእንግዳ ትርኢት ነው፤ በአየር ማረፊያ አጠገብ ግን ቄራና የቆሻሻ መጣያ እንዳይኖር የሚከለከለው ይኸው ጭልፊት ሞተር ውስጥ እንዳይገባ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ ከተነሣ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ ምክንያቱ ሌላ ነበር፤ አውሮፕላኑ ከነፋሱ ጋር ያለውን ማዕዘን የሚለካ አንድ መሣሪያ ሐሰተኛ ቁጥር ሰጠ፤ በእርሱ ብቻ የሚታዘዘው ሥርዓትም አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። አውሮፕላን አየሩን የሚያውቀው በመሣሪያዎቹ በኩል ብቻ ነውና፣ አንድ ምስክር ብቻ አምኖ መፍረድ በአውሮፕላን ሊፈቀድ አይገባውም ነበር፤ ከአደጋው በኋላ ሥርዓቱ ሁለት ምስክር እንዲያነጻጽር ተደረገ።

አሁንም በሐረር ሻይ ቤቶች «ለእኛም አየር ማረፊያ ይሠራልን» የሚል ድምፅ አልፎ አልፎ ይሰማል። ክብር የተነካበት ሰው ጥያቄ ነውና አልንቀውም። ነገር ግን ከላይ የተቈጠረውን ሁሉ ስናስብ፣ ቀኑ ሲሞቅ ለአውሮፕላን 2,700 ሜትር የሚሆን ተራራ ላይ ከድሬዳዋው የሚረዝም መንደርደሪያ ለመዘርጋት ስንት ኮረብታ እንደሚቈረጥ መገመት አያዳግትም፤ ከዚያም በኋላ በምሥራቅ በኩል ጅጅጋ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ድሬዳዋ ባሉበት፣ ያንኑ ሰባ ወንበር ለሦስት ከተማ መካፈል ይመጣል። በየቀኑ ለድሬዳዋ የሚመጣ አውሮፕላን፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ለሐረር ከሚመጣ ይሻለኛል። ለእኔ ችግሩ ያለው ከደንገጎ ላይ ነው። አውሮፕላኑ ከቦሌ ድሬዳዋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲያደርስ፣ ከአየር ማረፊያው በር እስከ ሸዋ በር ያለው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ግን ከከባድ መኪና ኋላ ከተያዘ ያንን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በምሽት ለሚደርሰው መንገደኛ ደግሞ የሚኒባስ ረዳቱ እስኪሞላ ሲጠብቅ፣ ባለ ኮንትራቱ የፈለገውን ዋጋ ሲጠራ ጊዜው ይሄዳል። ከባድ መኪናው በዳገቱ ላይ የሚያሳልፍበት ተጨማሪ መሥመር፣ በአውሮፕላኑ ሰዓት የሚነሣና ሞላም አልሞላም የሚሄድ አንድ የሐረር አውቶቡስ፣ የሚነሣበትም ሰዓት ከበረራው ሰዓት ጎን በዚያው ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ፣ የሐረር ሰው ከማንኛውም መንደርደሪያ ይልቅ ወደ ቦሌ ይቀርባል።